«ግሬድ ሁለት» ከሚለው ወረቀት ባሻገር፦ የጉበት ስብን በርቀት ሕክምና መከታተል

በከተሞች «ሙሉ ምርመራ» ማድረግ እየተለመደ ከመጣ ወዲህ አንድ ዓይነት ወረቀት በብዙ ሰው እጅ እየገባ ነው። የአልትራሳውንድ ውጤት ነው፤ ግርጌው ላይ «ግሬድ ሁለት ፋቲ ሊቨር» ይላል። ባለቤቱ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለሚያውቀው ሐኪም ወይም አሜሪካ ላለ ዘመዱ ይልካል። ጥያቄው አጭር ነው፦ «መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

ይህ ልውውጥ፣ ስሙ ባይጠራም፣ የርቀት ሕክምና (ቴሌሜዲስን) ነው። ነገር ግን ጎደሎ ነው። ወረቀቱ ላይ ስለ ጉበቱ ዋናው ነገር አልተጻፈም፤ ላኪው ስለ ስኳሩ፣ ስለ ደም ግፊቱና ስለሚጠጣው መጠን አልተጠየቀም፤ መልስ ሰጪውም ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያሳዝነው፣ የጉበት ስብ በርቀት ለመከታተል እጅግ ከሚመቹ ሕመሞች አንዱ መሆኑ ነው። የሚባባሰው በሳምንታት ሳይሆን በዓመታት ነው፤ ሕክምናው በአብዛኛው የሚካሄደው ክሊኒክ ውስጥ ሳይሆን ማዕድ ቤት ውስጥ ነው፤ መሻሻሉም በጥቂት ቁጥሮች ይለካል። ቁም ነገሩ የትኛው እርምጃ ሰውየውን በአካል እንደሚፈልግ፣ ለየትኛው ደግሞ ስልክ እንደሚበቃ መለየት ነው።

ሕመሙና አዲሱ ስሙ

ከጉበት ሴሎች ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ሲያከማቹ የጉበት ስብ ይባላል። ለረጅም ጊዜ «አልኮል ያላመጣው የጉበት ስብ» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሕክምና ማኅበራት ስሙን «ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ ሕመም» በሚል ተክተውታል። ሜታቦሊዝም ማለት ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይርበትና ትርፉን የሚያከማችበት ሥርዓት ነው። የስሙ ለውጥ የቃል ጨዋታ አይደለም። በአዲሱ አጠራር መሠረት ጉበቱ ላይ ስብ የታየበት ሰው ከሚከተሉት ቢያንስ አንዱ ሊኖረው ይገባል፦ የክብደት መብዛት ወይም የወገብ መስፋት፣ የስኳር መጨመር፣ 130 በ85 እና ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊት፣ 150 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትራይግሊሰራይድ (አንድ ዓይነት የደም ስብ)፣ ዝቅተኛ የሆነ «ጥሩው» ኮሌስትሮል። ስለዚህ ጉበቱን ብቻ የሚያክም ሐኪም ግማሹን ሥራ ትቷል። የጉበት ስብ ያለባቸው ሰዎች ከጉበት ሕመም ይልቅ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው ይበልጣል።

አልኮልም ከሥሌቱ አይወጣም። በሳምንት ከ140 ግራም (ለሴት) ወይም ከ210 ግራም (ለወንድ) በላይ ንጹሕ አልኮል የሚጠጣ ሰው የሚመደበው በሌላ ክፍል ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ የአልኮል መጠን ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል አለው፤ ለወንድ 16 ጠርሙስ፣ ለሴት 11 ጠርሙስ ገደቡን ይነካል። የአረቄና የጠጅ ጥንካሬ ከቤት ቤት ስለሚለያይ «በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት መለኪያ፣ ስንት ብርሌ?» ብሎ መጠየቅ «ትጠጣለህ?» ከሚለው ይሻላል። ይህን ጥያቄ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ድምፅ ማጉያ ከፍቶ መጠየቅ ግን ውሸት መጋበዝ ነው።

ከወረቀቱ የጎደለው ቁጥር

አልትራሳውንድ ስብ መኖሩን ያሳያል፤ እሱም የስቡ መጠን አነስተኛ ሲሆን ያመልጠዋል። «ግሬድ» የሚለው ደረጃ የስቡን ብዛት እንጂ የጉበቱን ጠባሳ አይናገርም። የሕመምተኛውን መጨረሻ የሚወስነው ደግሞ ጠባሳው ነው። ፋይብሮሲስ የሚባለው ይህ ጠባሳ እየጠነከረ ሲሄድ ሲሮሲስ ወደሚባለው የጉበት መኮማተር ያደርሳል። «ግሬድ ሦስት» የተባለ ሰው ምንም ጠባሳ ላይኖረው ይችላል። በተቃራኒው ጠባሳው በከፋበት ጉበት ላይ ስቡ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ቀለል ያለ «ግሬድ» ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም።

ለመነሻ የሚበቃው ፊብ-4 የሚባለው ሥሌት ነው። የሚፈልገው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ዕድሜ፣ ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ የሚባሉት ሁለት የጉበት ኢንዛይሞች፣ እና የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ሴሎች) ብዛት። ዕድሜ በኤስጂኦቲ ይባዛል፤ የተገኘው ቁጥር፣ ፕሌትሌት በኤስጂፒቲ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል። የ52 ዓመት ሰው ኤስጂኦቲው 48፣ ኤስጂፒቲው 64፣ ፕሌትሌቱ 210 (በሺህ) ቢሆን፣ 52 በ48 ሲባዛ 2,496 ይሆናል፤ የ64 ስኩዌር ሩት 8 ስለሆነ 210 በ8 ሲባዛ 1,680 ነው፤ ውጤቱ 1.49 ይመጣል። ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ስፔሻሊስት ማየት አለበት። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የታችኛው ወሰን 2.0 ይሆናል፤ ከ35 ዓመት በታች ላለ ደግሞ ሥሌቱ አያስተማምንም። የምሳሌያችን ሰው መካከል ላይ ስለወደቀ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ይህ ሥሌት በስልክ ሊሠራ መቻሉ ትልቅ ዕድል ነው፤ ስሕተቱም የሚገባው በስልክ ነው። አንደኛው የሁለቱ ኢንዛይሞች መቀያየር ነው፦ በዚሁ ምሳሌ ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ቦታ ቢለዋወጡ 1.49 የነበረው 2.29 ይሆናል። ሁለተኛው የፕሌትሌት አጻጻፍ ነው፤ ላቦራቶሪው 210,000 ብሎ ከጻፈ ሥሌቱ ውስጥ የሚገባው 210 ነው። ሦስተኛው ለእኛ አገር ይበልጥ ያሳስባል፦ ወባ፣ እንዲሁም ጣፊያን የሚያሳብጥ ቢልሃርዝያ ፕሌትሌትን ስለሚቀንሱ ስቡ ያመጣው ጠባሳ ሳይኖርም ፊብ-4 ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ሐኪም «በቅርቡ ትኩሳት ነበረህ? ከቆላ መጥተሃል?» ሳይል ሰውን ማስደንገጥ የለበትም። ከወባ ካገገሙ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ደግሞ መለካት ይሻላል።

ሁለተኛው ምርመራ ፋይብሮስካን ነው። የጉበትን ጥንካሬ በንዝረት ይለካል፤ አይወጋም፣ አያምም። ከ8 ኪሎ ፓስካል በታች የሚያረጋጋ ነው፤ ከ12 በላይ ደግሞ አሳሳቢ። መሣሪያው ያለው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ቀጠሮው እንዳይባክንበት ከቀዳሚው ቀን አንድ የጽሑፍ መልእክት ሊደርሰው ይገባል፦ ከምርመራው በፊት 3 ሰዓት ምግብ አይብሉ። ምግብ የጉበትን ጥንካሬ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ቁርሱን በልቶ የተለካ ሰው የሌለበትን ጠባሳ ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል።

መጀመሪያ አንድ ጊዜ በአካል

የርቀት ክትትል በአካል ጉብኝት ካልተጀመረ መሠረት የለውም። በዚያ ቀን ቁመት፣ ክብደት፣ የወገብ ዙሪያና የደም ግፊት ይለካሉ። ሆድ ይዳሰሳል፤ የእግር እብጠት ይታያል። ከደም ምርመራ ሁለቱ ኢንዛይሞች፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ የጾም ስኳር ወይም የሦስት ወር አማካይ ስኳር፣ የደም ስብ ይታዘዛሉ።

የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ መዘለል የለበትም። ቢ ቫይረስ በኢትዮጵያ በስፋት ያለ በመሆኑ «ስብ ነው» ተብሎ የተዘጋ ፋይል ቫይረሱን ሸፍኖ ሊያቆይ ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸውም ብርቅ አይደለም። ጫት መጠየቅ አለበት፦ በሐረርጌ የተካሄዱ ጥናቶች ምክንያቱ ተለይቶ ያልታወቀ ሥር የሰደደ የጉበት ሕመምን ከጫት ጋር አያይዘውታል። ጉበትን ሊነኩ ከሚችሉት ከኮርቲዞን፣ ከሜቶትሬክሴት፣ ከታሞክሲፌን፣ ከአሚዮዳሮንና ከቫልፕሮዬት አንዱን የሚወስድ ሰው የመድኃኒቶቹን ዕቃ ይዞ ይምጣ። «ጉበት ያጥባል» ተብሎ የተገዛ ዱቄት ወይም ሥራሥር ካለም እንዲሁ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ራሳቸው ጉበትን ይጎዳሉ።

ስልኩ ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ነው

የጉበት ስብ ዋናው ሕክምና ክብደት መቀነስ ነው፤ ስንት ኪሎ ምን እንደሚያመጣም ይታወቃል። ከክብደት 5 በመቶ ሲቀንስ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲቀንስ መቆጣቱ ይበርዳል፤ ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን ጠባሳው ራሱ በብዙዎች ላይ ይሻሻላል። 84 ኪሎ ለሚመዝን ሰው እነዚህ ቁጥሮች 4.2፣ 5.9 እና 8.4 ኪሎ ናቸው። «ክብደት ቀንስ» ተብሎ የተላከ ሰውና «እስከ ፋሲካ 4 ኪሎ፣ እስከ እንቁጣጣሽ 8 ኪሎ» የተባለ ሰው የያዙት ምክር አንድ አይደለም። ፍጥነቱም ገደብ አለው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መጣደፍ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ፣ ጉበቱንም ሊያስቆጣ ይችላል።

ሊሠራ የሚችል መርሐ ግብር ይህን ይመስላል፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየሁለት ሳምንቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የስልክ ጥሪ፤ ቀጥሎ እስከ 6 ወር በየወሩ፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ። በ3ኛውና በ6ኛው ወር ሕመምተኛው በአቅራቢያው ባለ ላቦራቶሪ ደም ይሰጣል፣ ውጤቱን ይልካል። ፊብ-4 ስኳር ላለባቸው በየዓመቱ እስከ ሁለት ዓመቱ፣ ለሌሎቹ በየ2 እስከ 3 ዓመቱ ይደገማል። ቪዲዮ የግድ አይደለም፤ ድምፅና የጽሑፍ መልእክት አብዛኛውን ይሸፍናሉ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ በቪዲዮ ላይ የተገነባ አገልግሎት መጀመሪያ የሚጥለው በጣም የሚያስፈልገውን ሰው ነው።

የሚላኩት ቁጥሮች ግን የሚታመኑ መሆን አለባቸው። ክብደት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስና በአንድ ሚዛን ይለካል። ሚዛኑ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ እንጂ ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም። ሚዛን የሌለው ሰው በየሳምንቱ አንድ ፋርማሲ ሄዶ ይመዘን፤ ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ከሆነ የሚታየው የሚዛኖቹ ልዩነት ነው። ወገብ የሚለካው በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል ነው፤ የሱሪ ቁጥር አይተካውም። የደም ግፊት ከመለካቱ በፊት 5 ደቂቃ ማረፍ፣ ቡናና ሲጋራ ከግማሽ ሰዓት በፊት ማቆም ያስፈልጋል።

የጋራ ገበታን እንዴት መቁጠር ይቻላል?

በሌላ አገር የተሠሩ የአመጋገብ መተግበሪያዎች ሕመምተኛው ሳህኑን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ይጠይቃሉ። ከአንድ ትሪ በሚበላበት ቤት ግን ፎቶው አራት ሰው የሚበላውን እንጂ አንዱ የበላውን አያሳይም፤ ጉርሻም አይቆጠርም። በስልክ የሚከታተል ባለሙያ ሌላ መለኪያ ያስፈልገዋል።

የዘይቱ ጀሪካን አንዱ ነው። «ባለ 5 ሊትሩ ስንት ቀን ይበቃችኋል? ስንት ሰው ይበላል?» አራት ሰው በወር ከጨረሰው፣ ለእያንዳንዱ በቀን 42 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ብቻውን 345 ካሎሪ ያህል ነው። ጀሪካኑ 30 ቀን የቆየው 45 ቀን እንዲቆይ ማድረግ ወጡን የምትሠራዋን ሴት ጨምሮ ቤተሰቡ ሁሉ የሚረዳው ግብ ነው። በዚህ ምክንያት ምግብ የሚሠራው ሰው ከጥሪዎቹ ቢያንስ በአንዱ ላይ ቢገኝ ይመረጣል። ቀጥሎ ስኳር፦ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ቢሆን 48 ግራም ገደማ ነው። አንድ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ይጨምርበታል። ያለ ስኳር የሚጠጣ ቡና ግን ከሚከለከሉት አይደለም፤ እንዲያውም ቡና ጠጪዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ እንደሚታይ በብዙ ጥናቶች ተመዝግቧል።

ጾም የተለየ ጥሪ ይፈልጋል። ሥጋና ቅቤ መቅረቱ ብቻውን ክብደት አይቀንስም። እስከ 9 ሰዓት ተቆይቶ በዘይት የራሰ ፍርፍር፣ ዳቦና ሳምቡሳ ከተበላ በ55 ቀን የዐቢይ ጾም ኪሎ የጨመረ ሰው ማግኘት አያስገርምም። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በጥቂት ዘይት ከሆነ ግን ጾሙ ራሱ የሕክምናው አጋር ይሆናል። ጥንቃቄው ለስኳር ሕመምተኞች ነው፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ካዘገየ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ከዐቢይ ጾም ወይም ከረመዳን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በስልክ ይስተካከል።

እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። እሱ ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

አዲሶቹ መድኃኒቶች

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮም የተባለውን ክኒን፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ የተባለውን መርፌ ለጉበት ስብ አጽድቋል። ብዙ ወሬ የተነሣው ከዚህ ነው። ማጽደቁ ግን ለሁሉም አይደለም፦ ጉበቱ በስብ ምክንያት ተቆጥቶ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ጠባሳ ላለበት፣ ሲሮሲስ ላልደረሰ አዋቂ ብቻ ነው። ፊብ-4 ሳይሠራ፣ የጠባሳው ደረጃ ሳይለይ «ያው መርፌ ላክልኝ» ማለት ለራስ ስሕተት መግዛት ነው።

ሴማግሉታይድ ከመከፈቱ በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በሻንጣ የሚመጣ መርፌ ይህን መንገድ ማለፉን ማንም አያረጋግጥም። የዓለም ጤና ድርጅትም በሰኔ 2024 ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ መገኘቱን አስጠንቅቋል። በሕጋዊ መንገድ ያገኘው ሰው ግን ከርቀት ክትትል በጣም ይጠቀማል፤ በሳምንት 0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየ4 ሳምንቱ ስለሚጨመር፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሲበረታ መጠኑን ማቆየት በአንድ ጥሪ የሚፈታ ነገር ነው።

በተቃራኒው ማቆም ሳያስፈልግ ሰዎች በራሳቸው የሚያቆሙት መድኃኒት አለ፦ ስታቲን። ኤስጂፒቲ ትንሽ ከፍ ማለቱን ያየ ሰው የኮሌስትሮል ክኒኑን ያቆማል። የጉበት ስብ ስታቲን አይከለክልም፤ ልቡን የሚጠብቅለት መድኃኒት እሱ ነው።

ደጋፊዎችና ተጠራጣሪዎች

የርቀት ክትትል ክብደት በመቀነስ ረገድ ከአካላዊው አያንስም የሚሉት መረጃ አላቸው። ከጣሊያን ቦሎኛ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት የተከታተሉ 278 ሰዎችን በቡድን በአካል ከተማሩ 438 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ 10 በመቶ ክብደት የቀነሱት በኢንተርኔት 20፣ በአካል 15 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው አልነበረም። ተጠራጣሪዎቹም እዚሁ ጥናት ውስጥ የሚይዙት አላቸው፦ የኢንተርኔቱ ቡድን በዕድሜ ያነሰና የተሻለ የተማረ ነበር፤ በመሃል ያቋረጡትም በርካታ ነበሩ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መንገዱ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ላልጠፋ ሰው ነው። ስለዚህ ሁለት ጥሪ ያመለጠውን ሰው የሚፈልግ አንድ ነርስ ከማንኛውም መተግበሪያ ይበልጣል።

የግላዊነት ስጋትም ከባድ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ግን አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጠላፊ ሳይሆን ከጋራ ስልክ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ውጤት ቤተሰብ ሁሉ ወደሚከፍተው ስልክ ሲላክ ትዳር እስከማፍረስ ሊደርስ ይችላል። ፈቃድ ሲጠየቅ «ይህን ስልክ ሌላ ማን ያያል?» የሚለው አብሮ ይጠየቅ፤ መልእክቱም «ውጤትዎ ደርሷል፣ ይደውሉ» ብቻ ይሁን።

ውጭ ያለው ሐኪም ዘመድስ? አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ፈቃዱ ሕመምተኛው ካለበት ቦታ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ደሴ ላለ ሰው በቴሌግራም መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ውጤቱን ማስረዳት፣ ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ማዘጋጀት፣ የፋይብሮስካኑን ወጪ መሸፈን ግን ይችላል፤ ትልቅ እርዳታም ነው። አሜሪካ የሚኖሩ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ወላጆችም በቪዲዮ ቀጠሮ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የመጠየቅ መብት አላቸው፤ ስለ መጠጥ የሚነሣውን ጥያቄ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይገባም።

ሐኪም ከሐኪም ጋር

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚያዋጣው መንገድ ሕመምተኛን ከስፔሻሊስት ማገናኘት ሳይሆን የወረዳውን ሐኪም ከስፔሻሊስት ማገናኘት ነው። የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢኮ» በሚል የጀመረው ፕሮጀክት በየሳምንቱ የገጠር ሐኪሞችን በቪዲዮ ሰብስቦ በሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኞቻቸው ላይ ያወያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ውጤት በ407 ሕመምተኞች ላይ የተመሠረተ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ 57.5 በመቶ፣ በገጠር ሐኪሞቹ ዘንድ 58.2 በመቶ ተፈውሰዋል። የጉበት ስብ ከሄፓታይተስ ሲ ሕክምና ይቀላል፤ ስፔሻሊስቶቹ ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። አንድ የጉበት ሐኪም በሳምንት አንድ ሰዓት ከአሥር ሆስፒታሎች ጋር ቢወያይ፣ ፊብ-4 ውጤታቸው ከ1.3 በታች የሆነው እዚያው ይቆያሉ፤ ለፋይብሮስካን አውቶቡስ የሚሳፈሩት የሚያስፈልጋቸው ብቻ ይሆናሉ።

ስልክ የሚዘጋበት ሰዓት

ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ በቀናት ውስጥ የሚነፋ ሆድ፣ ትኩሳት ያለበት የሆድ ሕመም፣ ግራ መጋባት ወይም ቀን ቀን መተኛት፣ የዓይን መቢጫ። ከእነዚህ አንዱን የሰማ ማንኛውም የርቀት ሐኪም ጥያቄ ማብዛቱን ትቶ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል መላክ፣ ወደዚያም ራሱ ደውሎ ማሳወቅ አለበት። የዓይን መቢጫ በቪዲዮ አይፈረድም፤ የስልክ ካሜራና የክፍል አምፖል ነጩን ቢጫ፣ ቢጫውን ነጭ ያስመስላሉ። አጠገቡ ያለ ሰው በቀን ብርሃን ወደ መስኮት ወስዶት የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጎ ይይ፤ ቢጫ ከሆነ ወይም ከተጠራጠረ ጉዞው ዛሬውኑ ነው።